ከጎሮ የመጡ ሰባት ደም ሰጪዎች

ማክሰኞ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከሮቤ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። ታናሽ ወንድሜ ጀማል ሆስፒታል ተኝቷል። ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጧል፤ ሳይፈነዳ ይቀየር ተብሏል። ማደንዘዣውን የምትሰጠው ልጄ ዶክተር ዘይነባ ናት፤ አልሐምዱሊላህ።

«አዮ፣ አንቺ ብቻ ነይ» ብላኝ ነበር፤ አዮ የምትለው እኔን እናቷን ነው። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም። ሰባት ዘመዶች ደም ሊሰጡ ከዘመድ አገር ከጎሮ ሮቤ ድረስ መጡ፤ መሪያቸው አጎታችን ሐጂ ቃሲም ናቸው። እኔም ደማቸው እንዲበረክት ጩኮ ያዝኩ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ አሽቼ።

ድንሾ ላይ ጉም ነበር። መንገዱ ያኔ ገና ፒስታ ነበር፤ አውቶቡሱ ያንገጫግጫል። «ብሉ፣ ደም ይሆናል» እያሉ ሐጂ ራሳቸው ከጩኮው ደጋገሙ።

«ሐጂ፣ ለእኛስ ደም ይተርፋል?» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ዱዓ ላይ ነበርኩ። ሻሸመኔ ምሳ በልተን፣ ሲመሽ ገባን።

ረቡዕ፣ ሆስፒታል

ዘይነባ ሰባቱን አይታ ግንባሯን ያዘች።

«አዮ፣ መጠባበቂያ ደም አለን። ደግሞም ከራሱ ልንቀዳ ነው።»

«ከማን?»

«ከአጎቴ፣ ከአቡያ ጀማል። ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር ሲል ሁለት ከረጢት ቀድተን በምትኩ ደሙን የሚያቀጥን ሌላ ፈሳሽ እንሰጠዋለን። ሲደማ የሚፈሰው የቀጠነው ነው። በመጨረሻ የራሱን ደም እንመልስለታለን።»

ግራ ገባኝ። ሊደማ ያለን ሰው ቀድሞ ማድማት! ይህን ሁሉ ዓመት ያጠናችው ይህን ነው?

ሐጂ ተቆጡ። «ደማችንን ናቅሽው? ጎሮ ምን ብለን እንግባ?»

«አልናቅኩም፣ ሐጂ። ጎባ ተመድቤ ስሠራ አንድ መምህር ታመመ፤ ከሩቅ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው። ደም ስፈልግለት ዋልኩ፤ የተረፈው ለጥቂት ነው። ይህን ደም የማትረፍ ጥናት የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እናንተ ሰባት ሆናችሁ መጣችሁ። ብቻውን የመጣውስ?»

ጀማልም አልጋው ላይ ሆኖ «የእኛው ልጅ ናት» ብሎ የስምምነት ወረቀቱን ፈረመ።

ሐሙስ

ጀማል ቀዶ ሕክምና ገብቶ ስንጠብቅ አጠገባችን አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ባሏ ደም ያስፈልገዋል፤ ከተማው ውስጥ ማንንም አታውቅም። ሐጂ ተነሥተው ስድስቱን ይዘው ሄዱ። ስድስቱ ሰጡ፤ እሳቸውን ግን ዕድሜዎ አይፈቅድም አሏቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጩኮ ለምን በላሁ?» እያሉ ተመለሱ።

ከአስር ሶላት በኋላ ዘይነባ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ደህና ነው፣ አዮ። የራሱ ደም ተመልሶለታል፤ የሌላ ሰው አልጨመርንም።»

እዚያው ሱጁድ ወረድኩ።

ሮቤ

ጀማልን ለእሷ ትተን ቅዳሜ ገባን። ጎረቤቶች «ደም ሰጣችሁለት?» ይላሉ። «ሰጥተናል፤ ለእሱ ግን አይደለም» ስል እነሱም ግራ ይገባቸዋል። ደሙን ቀድተው ደሙን እንዴት እንዳተረፉለት ዛሬም አልገባኝም። የልጄ ሥራ ሰው ማስተኛት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሴትየዋን ባል ስም አልጠየቅንም። ከሱብሂ በኋላ ለጀማል ዱዓ አድርጌ ስጨርስ፣ «ያንንም የጎሮ ደም ያለበትን ሰው» እላለሁ። አላህ ያውቀዋል።