ኦሳድካ እና ፕሮሳድካ

የሕንፃ ዲዛይን ቢሮው ሰዎች «ዲክሽነሪ» ይሉት ነበር። በወጣትነቱ ሩሲያ ሄዶ የአፈርና የድንጋይ ትምህርት ተምሮ ተመልሷል፤ የእንጀራ ነገር ሆነና ግን ጉድጓድ ከማስቆፈር ይልቅ ወረቀት መተርጎም ቀናው። የቢሮው ምድር ቤት በሩሲያኛ በተጻፉ የቆዩ የአፈር ጥናቶች የተሞላ ነው፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ብቻ። ቃል ሲቸግራቸው ወደ እሱ ጠረጴዛ ብቅ ይላሉ፤ እሱም ከሥራው ቀና ሳይል ይመልስላቸዋል። ይህችን ቀና ሳይሉ መመለስ ይወዳት ነበር።

አንድ ጊዜ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የሚሠራበት ቦታ ጥናት መጣለት። ውስጡ ሁለት የሚቀራረቡ ቃላት ነበሩ፤ ኦሳድካ እና ፕሮሳድካ። የመጀመሪያው አላስቸገረውም፤ ሕንፃ ሲጫነው አፈር ቀስ እያለ ዝቅ ማለቱ ነው፤ እንግሊዝኛው «ሴትልመንት»። ሁለተኛው ላይ ብዕሩ ቆመ። የተማረው ቃል ነው፤ ግን ከአእምሮው ተሰውሮበታል። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ እዚያም «ሴትልመንት» ይላል። ልቡ አላረፈም። ሥራ ተደራርቦበት ነበርና ሁለቱንም በአንድ ቃል አለፋቸው።

ንድፉን የምትሠራው ወጣት መሐንዲስ ነገሩን አስተዋለች። ሩሲያኛውን ሰንጠረዥ ከትርጉሙ ጋር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሩሲያኛው ላይ የሁለቱ ዓምዶች ርዕስ ይለያያል። እርስዎ ግን ሁለቱንም አንድ አድርገዋቸዋል። ልዩነት የላቸውም?»

«ያው ነው፣ ልጄ። እነሱ ቃል ማብዛት ይወዳሉ» አላት። ሳቀችና ሄደች።

ክሊኒኩ ተሠራ፤ አማረም። በሁለተኛው ዓመት ከመሬት በታች አንድ የውሃ ቧንቧ ተሰንጥቆ ማንም ሳያውቅ ውሃው ወደ መሠረቱ ሲሰርግ ሰነበተ። አንድ ማለዳ የሕንፃው አንደኛው ማዕዘን ድንገት ቁልቁል ወረደ። የኮሪደሩ ጣሪያ ተናደና ወለል ስትወለውል የነበረችውን የጽዳት ሠራተኛ እግሯን ሰበራት። እናቶቹ ገና አልመጡም ነበር።

ወሬው ቢሮ ሲደርስ «ውሃ» እና «ድንገት» የሚሉት ቃላት እንደ መርፌ ወጉት። የጠፋበት ትርጉም ያን ጊዜ መጣለት። ፕሮሳድካ ማለት ደረቅ ሳለ ድንጋይ የሚያህል፣ ሲርስ ግን ጭነቱን ተሸክሞ ባለበት የሚከዳ አፈር በድንገት መስመጡ ነው። እንግሊዝኛው «ኮላፕስ» መሆን ነበረበት።

ማታ እራቱን ሲገፋ ሚስቱ አየችው። ነገራት።

«መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ይላል አላልክም? ታዲያ ያንተ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?»

«ጠይቃኛለች እኮ! ቆይ ላጣራልሽ ብዬ አብረውኝ ለተማሩት አንድ ስልክ ብመታ ይበቃ ነበር።»

ልታጽናናው የጀመረችውን ተወች። ሳህኑን አነሳች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጣት የተቀሰረው መሐንዲሷ ላይ ነበር፤ መሠረቱን አሳንሳለች ተባለ። እሷም ጥፋቱን ከራሷ ትፈልግ ጀመር። ፊቷ ገርጥቶ፣ ፀጉሯን እንደ ነገሩ አስራ ያንኑ ስሌት ደግማ ደጋግማ ስታሰላ ከጠረጴዛው ሆኖ ያያታል። ዛሬ እነግራታለሁ ይልና መልሶ ወደ ወረቀቱ ያቀረቅራል። እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ በሩን አንኳክቶ ገባ።

«ስሌቷ ልክ ነው። የሰጠኋት ቃል ነው የተሳሳተው» አለ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «በአንድ ቃል ሕንፃ ይወድቃል?»

«ይወድቃል። እኔ በጻፍኩት ቃል ከሄድን መሠረቱ ይበቃ ነበር። በትክክለኛው ግን መጀመሪያ አፈሩ መጠቅጠቅ፣ ቧንቧውም ከሕንፃው መራቅ ነበረበት።»

ኮሪደር ላይ መሐንዲሷ ጠበቀችው። አልጮኸችም።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«የወደቀ ዕለት።»

«ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስበላ እያዩኝ ነበር።»

የተሳሳተውን ቃል ይቅር ብትለው እንኳ ለዚያች ሳምንት ይቅር እንደማትለው ገባው፤ እሱም ራሱን ይቅር አላለም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። የጽዳት ሠራተኛዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ እግሯ በጀሶ ታስሯል።

«እናቴ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

«ግንበኛው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፤ ተርጓሚ ነኝ። አንድ ቃል ተሳስቼ ነው።»

ትክ ብላ አየችውና ሳቀች። «ቃል ደግሞ መቼ ነው እግር መስበር የጀመረው? ሂድ ወዲያ! ይልቅ ይቺን ትራስ ከፍ አድርግልኝ።»

ትራሱን ከፍ አደረገላት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቢሮው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አለፈው። እሱ ግን ምድር ቤት ወርዶ የተረጎማቸውን ጥናቶች አንድ በአንድ ከሩሲያኛው ጋር አመሳከረ። ያው ስህተት ሌላም ቦታ ተገኘ፤ ግንባታው ሊጀመር የተቃረበ ትምህርት ቤት ነበር። እርማቱን ለመሐንዲሷ ወሰደላት። ቆማ አነበበችው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሦስት ባለሙያዎች ጠይቄያለሁ።»

አንገቷን ነቀነቀችና ወዲያው ወደ ተቋራጩ ደወለች። ከዚያ በኋላ ከሥራ ያለፈ ነገር አላነጋገረችውም።

የትምህርት ቤቱ መሬት መጠቅጠቅ ሲጀምር ከቦታው ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከባዱ ማሽን ሆን ተብሎ እንዲርስ በተደረገው አፈር ላይ ሲመላለስ ከእግሩ በታች መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ዘበኛው መጥቶ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው «ምንም» አለና እዚያው ቆየ።