ሽቅብ የወጣው ውሃዬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ አካፋ ነበር። ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና እርሻ ከሌሎች የቀን ሠራተኞች ጋር የቦይ ጭቃ እንድጠርግ ተቀጠርኩ። ቦዩ የሚያልፈው በቡና ማጠቢያው ቧንቧ ሥር ነው። ወንዝ ዳር ያለው ሞተር ውሃውን እየገፋ ዳገቱ ላይ ወዳለው ገንዳ ያወጣዋል። ረፋድ ላይ ሞተሩን ሲያጠፉት ያ ሁሉ ብረት ከመሬት ተነሥቶ ዘለለና እንደ መድፍ ጮኸ። ጓደኞቼ አካፋቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

የጥገናው ፎርማን ጋሽ ተክሌ ከማዶ አየኝ።

"አንተ ባለ አካፋ! ምን ልታደርግ ነው?"

"ልነካው ነው ጋሼ።"

"እንዲገድልህ?"

"ለምን እንደሚዘል ልወቅ ብዬ ነው።"

"እኛ ይህን ሁሉ ዘመን አብረነው ኖረን ያላወቅነውን አንተ ከቁርስ እስከ ምሳ ልታውቀው!" አለና ሰዎቹን አሳቃቸው።

ሞተሩን አስነሥተው እንደገና ሲያጠፉት መዳፌ ብረቱ ላይ ነበር። ሽቅብ ሲሄድ የነበረው ውሃ ቆመ፤ ዞረ፤ ቁልቁል ተንደርድሮ መጣና ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ታች የተገጠመውን ክዳን በግንባሩ መታው። ዓይኔ ምንም አላየም። እጄ ግን ሁሉንም አየ። ያየሁትን ለጋሽ ተክሌ ነገርኩት። ሰማኝና "ነገ አካፋውን መልስና ወደ እኔ ና" አለኝ።

ረዳት ሆንኩ፤ ከዚያ ሜካኒክ፤ ጋሽ ተክሌ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ በቦታው ፎርማን። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እጄ ግን አልቆመም። የማውቀውን ሁሉ ፈትቼ ነው የተማርኩት። ፈትቼ ሳልገጥመው የቀረ ነገር ካለ፣ እሱ ድሮም የማይጠቅም ነበር።

በተለይ በአንድ ሥራ አገር ያውቀኛል፤ የሚጮህ ቧንቧ ዝም በማሰኘት። ብልሃቱን ማንም አላስተማረኝም። ቧንቧው በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አነጥፋለሁ። ምቱ የሚበረታበትን ብረት ቆርጬ በምትኩ ወፍራም የጎማ ቱቦ አስገባለሁ። ጎማ ምት ይውጣል። ከሸኮም ከጌጫም "ቧንቧ አስቸገረን" ብለው ይጠሩኝ ነበር። ሄጄ እዳስሰዋለሁ፤ ጎማዬን አስገባለሁ፤ ዝም ይላል። አንድ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ "አድማሱ ከነካው ቧንቧ ይልቅ ሬሳ ይጮሃል" ብሎ በሰው ፊት መስክሮልኛል።

ጡረታ ስወጣ አማን ከተማ ዳር ዳገት ላይ ወደ ሠራሁት ቤት ገባሁ። ሠራሁት ስል ሠራሁት ነው። በሩን፣ አልጋውን፣ የጣሪያውን አሸንዳ በእጄ ነው ያበጀሁት። የበረንዳውን ምሰሶ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ አቆምኩ። ቀይ ቡና የሚፈለፍል ማሽን ከብስክሌት ጥርስና ሰንሰለት ሠራሁ፤ ጎረቤት እየመጣ ይፈለፍልበታል። ጓሮው እንሰት፣ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ኮረሪማ ነው። ባለቤቴ በላይነሽ ገበያ የምትሄደው ለጨውና ለወሬ ብቻ ነው። ጠዋት ራሴ በሠራሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴ የሠራሁትን ሳይ የሚሰማኝን ነገር ሹመት አልሰጠኝም።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ውሃ። የከተማው መስመር እኛ ዳገት ላይ አልደረሰም። ምንጩ ገደሉ ሥር ነው፤ በጋ ከክረምት አይነጥፍም። እሱን ለማምጣት ግን ቀዩን ጭቃ መውረድና ጀሪካን ይዞ መውጣት ነው። ሞተር እንዳላስገባ መብራቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ነዳጁም እንደዚያው። በተራ እንወርድ ነበር።

ነሐሴ ላይ በላይነሽ ከነጀሪካኗ ተንሸራተተችና ጉልበቷ ተጎዳ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ምሕረት ስልክ ደወለች። "እማዬ ከእንግዲህ እዚያ ገደል አትወርድም። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ እወስዳታለሁ። አንተም ከፈለግህ ና፤ ካልፈለግህ ከወንበርህ ጋር ተቀመጥ" አለችኝ። ልጄ ናት፤ አነጋገሯን ከእኔ ነው የወሰደችው።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት በላይነሽን።

"እኔ እዚህ መሞት ነው የምፈልገው። ግን በውሃ መንገድ ላይ አይደለም። ውሃ ደጄ ከመጣ እኖራለሁ። ካልመጣ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ።"

"አመጣዋለሁ።"

"በምን?"

"እኔ እንጃ። ግን አመጣዋለሁ።"

ጎረቤታችን ሰናይት የፊዚክስ መምህር ናት። ነገሩን ስነግራት ስልኳን አወጣች። "ጋሽ አድማሱ፣ ይህን ተመልከት እስቲ" አለችኝ። ቪዲዮው ላይ ቋንቋው ለሁለታችንም የማይገባ ሰውዬ አንድ ወንዝ ዳር ቆሟል። ከፊቱ ሞተር የሌለው፣ ሽቦ የሌለው፣ ጭስ የሌለው ብረት አለ። ብረቱ "ቷ… ቷ… ቷ…" ይላል። ውሃው ዳገት ይወጣል።

"ማን ነው የሚገፋው?"

"ራሱ ውሃው።"

"እንዴት አድርጎ?"

መሬት ላይ በእንጨት ሳለችልኝ። ውሃውን ከፍ ካለ ገንዳ በወፍራም ቧንቧ ቁልቁል ትለቀዋለህ። ታች ክዳን አለ። ውሃው ሲፈጥን ክዳኑን ራሱ ይዘጋዋል። መንገድ የተዘጋበት ውሃ ጥቂቱን ሌላ ክዳን ከፍቶ ወደ ላይ ያስፈነጥራል። ከዚያ የመጀመሪያው ክዳን በራሱ ክብደት ይወድቅና እንደገና ይጀመራል። ብዙው ውሃ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ጥቂቱ ወደ ቤትህ ይወጣል፤ ሌሊትም ቀንም። ዕድሜዬን ሁሉ ከውሃ ጋር ስታገል ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። እንጨቷ የጫረችውን እያየሁ ቃል ጠፋኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥመኝ ያውቃል።

ቃል ሲመለስልኝ ግን ያልኩት ይህን ነው፦ "ይሄ የሚያንኳኳው የሠራው ሰው ሥራ ስለማያውቅ ነው። እኔ የማያንኳኳ እሠራለሁ።"

ሠራሁም። ከሁለተኛው ክዳን በላይ ተቀምጦ ውሃውን ወደ ላይ ለሚገፋው የአየር ማጠራቀሚያ የአሮጌ ጭነት መኪና የፍሬን አየር ታንክ አገኘሁ። ክዳኖቹን ከወዳደቀ የፓምፕ ቫልቭ ፈትቼ አስተካከልኩ፤ ክብደታቸውን በብሎን እየጨመርኩና እየቀነስኩ መዘንኩ። ምንጩን ካጠራቀምኩበት ገንዳ ወደ ፓምፑ ለሚወርደው ውሃ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ የተጣለ ወፍራም የጎማ ቱቦ ገዛሁ። ከፓምፑ ሥር ጎማ በጎማ ላይ ደረብኩ። ክዳኑ የሚያርፍበትንም ጎማ አለበስኩት። ወደ ቤት የሚወጣውን ቀጭን ፕላስቲክ ለመቅበር ጎረቤት በደቦ ወጣ። በላይነሽ በጉልበቷ እያነከሰች ቆጮና ጎመን አቀረበች።

ማሞ የሚባል የንብ ባለቤት ጎረቤት አለኝ፤ አፉ ከንቦቹ ይብሳል። "ወንድም አድማሱ፣ ውሃ ዳገት ይወጣል ትላለህ። ዝንጀሮ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ዛሬ ዝንጀሮ ይሆንልሃል።"

ውሃውን ለቀቅሁት። ክዳኑን ጥቂት ጊዜ በእጄ ተጫንኩለት፤ ከዚያ በራሱ ይመታ ጀመር። ድምፁ እንደ ድመት እርምጃ ነው። ኮራሁ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጦ የፕላስቲኩን ጫፍ ከበበ። ጠበቁ። ቆጮው አለቀ። ጎመኑ አለቀ። ጫፉ ደረቅ ነው። ወርደን እንሰቱ ጠርዝ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ስንፈታው እዚያም ደረቅ ነው። ውሃው ከገደሉ ጥቂት ወጥቶ ቆሟል።

"ዝንጀሮው ደከመው" አለ ማሞ። ሰው ሳቀ። በላይነሽ አልሳቀችም። ገብታ ልብሷን ስታጣጥፍ በመስኮት አየኋት። ከስድብ ሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወረድኩ። የክዳኑን ክብደት ጨመርኩ፤ ቀነስኩ። ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትመጣና ከእኔ ጋር ጭቃ ላይ ትቀመጣለች። "ስሌቱ ይወጣል ይላል፤ ውሃው ግን አይወጣም" አለችኝ አንድ ቀን። እሷም ጨንቋት ነበር።

ስሌቷን ስሰማ እጄን እንዲያው የጎማው ቱቦ ላይ አሳረፍኩ። ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ቱቦው መዳፌ ሥር ያብጣል፤ ከዚያ ይሟሽሻል። ያብጣል፤ ይሟሽሻል። የሚውጥ ጉሮሮ የያዝኩ መሰለኝ።

"ሰናይት፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ።"

አደረገች። ዓይኗ ፈጠጠ።

"እየዋጠው ነው" አለች።

"እየዋጠው ነው። እኔ ነኝ ያጎረስኩት።"

ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ እጃችንን አላነሣንም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደ ጠላት ሳሳድደው የኖርኩት ያ ምት ጉልበት ነበር። ቴፒ ላይ ያንን ሁሉ ብረት ከመሬት ያነሣ ጉልበት! እሱን ነው በጎማ ሳፍን የኖርኩት። እዚያም ማፈኔ ልክ ነበር፤ ካላፈንኩት ቧንቧው ይሰበራል። እዚህ ግን ሥራውን የሚሠራው እሱ ራሱ ነው። ውሃው የሚወጣው ስለሚመታ ነው። አንድ ነገር በአንድ ቦታ ጥፋት፣ በሌላ ቦታ በረከት ሆኖ እዚያው እጄ ሥር ተኝቷል። ደነገጥኩ። እግዚአብሔር ሲሠራው ማንንም እንዳላማከረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን የሚያስፈልገው ብረት ነው። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይለጠጥ ብረት። ብረቱ ደግሞ በረንዳዬን ተሸክሞ ቆሟል። በማግስቱ ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፌ ምሰሶዎቹን መንቀል ጀመርኩ። በላይነሽ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ላምጣ ብለህ ቤት ታፈርሳለህ?"

"በረንዳ ቤት አይደለም።"

"ትናንት ለእንግዳ ስታሳየው ከቤቱ ይበልጥ ነበር!"

"ትናንት ሌላ ሰው ነበርኩ" አልኳት። ልቤ እየተቃጠለ ነው የነቀልኩት፤ ያን የመሰለ በረንዳ በአማን አልነበረም። ጫፎቹን ክር አወጣሁላቸው፣ አገጣጠምኩ፣ ከገንዳው እስከ ፓምፑ ቀጥ አድርጌ አወረድኳቸው። ከፓምፑ ሥር ያለውን ጎማ ሁሉ አውጥቼ ፓምፑን በድንጋይና በሲሚንቶ አሰርኩት። ክዳኑም ብረት ለብረት እንዲያርፍ አደረግሁ።

ውሃውን ስለቅ ሰው አልጠራሁም። ሰናይት ብቻ ነበረች። ክዳኑን ተጫንኩለት፣ ለቀቅሁት። "ቷ!" አለ። "ቷ! ቷ!" ድምፁ ገደሉን ሞላው። ሕይወቴን ሙሉ የሚያስቆጣኝ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን ቆሜ አዳመጥኩት። ሰናይት እያጨበጨበች ዳገቱን ሮጠች። እኔ በእርጅናዬ ተከተልኳት። እንሰቱ ጠርዝ ላይ ጆሮዬን መገጣጠሚያው ላይ ሳስጠጋ ውሃው እየተነፈሰ በውስጡ ያልፋል። ቀድሞኝ እየወጣ ነው። ማንም ሳይገፋው።

ስንደርስ በላይነሽ ደጃፍ ላይ ቆማለች። የፕላስቲኩ ጫፍ መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፤ ከዚያ እንደ ልብ ምት እየቆጠረ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ጣት የምታህል ውሃ ናት። ግን አታቆምም። በላይነሽ ጎንበስ አለችና እጇን ከሥሩ ዘረጋች። ውሃው ከእጇ ሞልቶ መሬት ላይ ሲፈስ ቆይታ ቆይታ "ይሄ ያ ገደል ውስጥ ያለው ነው?" አለችኝ።

"እሱ ነው።"

"በእግሩ መጣ?"

"በእግሩ መጣ።"

ማሞ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ገደሉን አየ፣ ከፕላስቲኩ ጫፍ ሥር ያቆምነውን በርሜል አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ቀልድ እጠብቅ ነበር፤ አልመጣለትም። "ወንድም አድማሱ፣ ለእኔም ትሠራልኛለህ?" ብቻ ነው ያለኝ። ሠርቼለታለሁ። ለሌሎችም ሠርቻለሁ። አሁን በዚያ ሸለቆ የሚመቱት ሁሉ የእኔ ናቸው።

ኅዳር ላይ ምሕረት መኪና ይዛ መጣች። በረንዳውን ስታይ ደነገጠች፤ ቤቱ የተናደ መስሏት ነበር። "እማዬ፣ ዕቃሽ የታለ?" አለች። በላይነሽ በርሜሉ አጠገብ አዲስ መደብ ላይ ጎመን እየተከለች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

"መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂና እግርሽን ታጠቢ" አለቻት። "ውሃው እየፈሰሰ ነው።"

ልጄ ታጠበች። ቅዳሜና እሑድን አደረች። ሰኞ ብቻዋን ተመለሰች፤ የመኪናዋ ኋላ በሙዝና በኮረሪማ ሞልቶ ነበር።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቧንቧ ብረት ይሁን፤ ጎማ አታስገቡ። አዲስ ነገር ስትሞክሩ ደግሞ መጀመሪያ እንደታየው አድርጋችሁ ሥሩት፤ ማሻሻሉ ከሠራ በኋላ ይደርሳል።