ካርዶቹን በፊደል ያስደረደሩን ጋሼ ሰይድ

ጋሼ ሰይድ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ግሽ አባይ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። የጤና ጣቢያችን የካርድ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁ፣ ሥራንም ከእሳቸው የተማርሁ ነኝ። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ካርዶቹን ያስደረደሩንን ቀን ያየነው ግን እናቶች ነንና እኔ ልጻፈው።

የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው። እዚህ ሳይመጡ አዲስ አበባ፣ ኮምፒዩተር ለሚባለው መኪና ትእዛዝ ይጽፉ ነበር። «መኪናው ሞኝ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ካልነገራችሁት አንዲት ወረቀት አያገኝም» ይሉን ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ሲሰበሰቡ፣ ልጄ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከሹም አቦ መንገድ ተያዘ። ቁመቱ ዕድሜውን ቀድሞት ነበር። ቀበሌው «የልደት ካርዱን ከጤና ጣቢያ እስከ ስድስት ሰዓት አምጪ፤ ልጆቹን የጫነው መኪና ከተነሣ የለንበትም» አለኝ። ሮጬ ካርድ ቤቱ ስደርስ እንደኔ ያሉ እናቶች በሩን ሞልተውታል። ጣራ ሲጠገን መደርደሪያው ወርዶ፣ ካርዱ ሁሉ ወለል ላይ ተደባልቋል።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ጋሼ፣ የኔን ብቻ ይፈልጉልኝ።»

«ተነሽ እቴ። አንቺ ብቻ ብትሆኚ አገላብጬ እፈልግልሽ ነበር። ለሠላሳ እናት ሠላሳ ጊዜ ብንበትነው ግን ይመሻል። መጀመሪያ እንደርድረው። ፊደል ታውቂያለሽ?»

«ሀ ሁን ብቻ።»

«ሌላ ምን ያስፈልግሻል?»

ክምሩን አካፈሉን። እያንዳንዳችን ድርሻችንን በፊደል ገበታው ተራ ደረደርን። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርገው ፊት ለፊት አስቀመጡን። የሁለታችንን ቁልል የላይ ካርዶች እያስተያየን፣ በፊደል የሚቀድመውን ከመካከላችን እናኖራለን። ሁለቱ ቁልል አንድ ሲሆን፣ ከሌላው ጋር ደግሞ ይገጥማል። አጠገቤ ያለችው ሴት «ልጄ ሲጫን እኔ ፊደል ልቁጠር?» ብላ ተቆጣች።

«እጅሽ ይሥራ፤ አፍሽ ይቆጣ» አሏት። በዚያ ጭንቅ ሳቅን።

ሁሉም አንድ ረድፍ ሲሆን ስም መጥራት ጀመሩ። ከመካከል ይገልጣሉ፤ ስሙ ከዚያ የሚቀድም ከሆነ የኋላውን ግማሽ ይተዉታል፤ የቀረውን ደግሞ ከመካከል። ዐሥር ጊዜ ያህል ገልጠው የልጄን ካርድ ሰጡኝ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለቀበሌው አደረስሁ፤ ልጄ ከመኪናው ወረደ። ካርዳቸው ዕድሜያቸው ደርሷል ያለባቸው ግን ሄዱ።

በኋላ ካርድ ቤቱን እንዳግዝ አስቀጠሩኝ። «ቀበሌው ካርዳችንን የሚያምነው ማንም ስላልነካካው ነው» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ፣ ልጄ ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ሞላው፤ ለውትድርናው ደረሰ። እርስዎን በቀበርን ማግሥት ካርዱን አወጣሁ። ዓመተ ምሕረቱን ልፍቅ ምላጭ ያዝሁ። አንዱ ከተፋቀ የማንኛዋም እናት ካርድ እንደማይታመን እርስዎ አስተምረውኛል። ምላጩን ትቼ ካርዱን ከተራው መለስሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ሆኖም የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተያዘባት እናት ነገም ትመጣለች። አላህ በጀነት ያሳርፍዎት። ደኅና ይሁኑ ጋሼ፤ ጠዋት በሩን እኔ እከፍታለሁ።