በሁዳዴ የተለወጠው ወተት

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡራዩ በሚገኝ አንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ፣ ኦቲዝም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅ የቀረበለትን ምሳ ሳይነካ ተነሣ። ለዘገባ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ሩዝ ይበላል፤ የዚያን ዕለት ሩዝ ውስጥ ግን ካሮት ገብቶበታል። ሞግዚቷ ሳትቆጣ ሳሕኑን አነሣችና፣ «ችግር የለም፣ ነጩን አመጣለታለሁ። ካሮቱን ጎኑ አስቀምጥለታለሁ፤ ከፈለገ ይነካዋል» አለችኝ። የጻፍኩትም ይህንኑ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ውስጥ የማስበው ግን ሌላ ልጅ ነበር።

በሃያ አራት ዓመቴ፣ የመጀመሪያ የጋዜጠኝነት ሥራዬን እንደያዝኩ፣ ሱሉልታ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ብሎኝ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ እንጦጦን ተሻግሬ እወርዳለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። ሱሉልታ ያኔ የፍቼን መንገድ ተከትላ የተዘረጋች፣ ከጀርባዋ ሜዳ ብቻ ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ዘመድም ጓደኛም አልነበረኝም። ራቴን የምበላው ክፍሌ ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዳቦና የምስር ወጥ፣ አንዳንዴ ዳቦ ብቻ። ብቻውን የሚበላ ሰው ቶሎ እንደሚጨርስ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከግቢው ማዶ፣ በአከራዬ በእትዬ የሺ በር ላይ፣ ሌላ ብቻዋን የምትበላ ነበረች። ትርሲት ትባላለች፤ ባሏ ለሞተባት ለእትዬ የሺ አንድ ልጇ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ዳቦዋን በላም ወተት እየነከረች ትበላለች፤ ሌላ ነገር አፏ አይገባም። እንጀራ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፤ የወጥ ሽታ ከመጣ ተነሥታ ትወጣለች። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል በሰፈሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቀውም። ጎረቤቱ የሚያውቀው «ሞልቃቃ» የሚለውን ነበር። እኛ አገር ሰው ፍቅሩን በጉርሻ ነው የሚናገረው፤ ጉርሻ የማትቀበል ልጅ ያለችበት ቤት እንግዳ አይበዛም። እትዬ የሺም ልጇን ይዛ ድግስ መሄድ ከተወች ቆይታለች። አንዳንድ ምሽት ሦስታችንም በየደፋችን ተቀምጠን ለየብቻ እንበላ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ በጾም ግን ገዢ ይጠፋል፣ ባለላሞቹም ወተቱን እየናጡ ቅቤ ያወጡታል። በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ጣሳ ይዞ ወተት ሊገዛ የሚሄድ ሰው አይሰወርም። እትዬ የሺም አልተሰወረችም። አንድ እሑድ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ የምትባል ጎረቤቷ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች።

«የሺ፣ ልጅቷ ሰባት ሞላት እኮ።»

«ሞላት።»

«ታዲያ በሁዳዴ ወተት? የወለድሽው ልጅ ነው ጥጃ?»

«ሌላ አትበላማ፣ ጥሩዬ። ምን ላድርጋት?»

«ምን ታደርጊያታለሽ! ሱፍ ቀቅለሽ፣ ወቅጠሽ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልይላት። ከወተት በምን ይለያል? በዚያው ብርጭቆዋ ስጫት። ሕፃን ምን ያውቃል!»

የሱፍ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲጠለል እውነትም እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጿሚ ሁሉ ይወደዋል። እትዬ የሺ ሰኞ ጠዋት አዘጋጀችው። እኔ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ትርሲት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ተጎነጨች፣ ቀጥ አለች። አፏ ውስጥ የያዘችውን ቀስ ብላ መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ተፋችው። አላለቀሰችም። ብርጭቆውን መሬት አስቀምጣ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

በማግስቱ እውነተኛው ወተት ቀረበላት። እጇን አልዘረጋችም። ብርጭቆው ተቀየረ፣ ስኒም ተሞከረ። እምቢ አለች። ዳቦውንም አብራ ተወችው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ሆነ። ጎረቤቱ «ሲርባት ትበላለች» አለ። ራባት፤ አልበላችም። ሐሙስ ላይ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ ጀመረች።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ እትዬ የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ደፍ ድረስ መጣች።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። ልጅ እናቷን ካላመነች ምን ይደረጋል?»

የያዝኩትን ዳቦ አስቀምጬ በርጩማ አወጣሁላት።

«አታለልኳት» አለች። «አሁን ነጭ ነገር ሁሉ ውሸት መስሏታል። ሲታለብ ትየው። ነገ ጠዋት ኦቦ ቶለሳ ጋ እወስዳታለሁ፤ አብረኸን ና። ብቻዬን ፈርቻለሁ።»

ኦቦ ቶለሳ ከከተማው ጫፍ የሚኖሩ ባለላም ሽማግሌ ነበሩ። ሌሊቱን የመጋቢት ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃና ፋንድያ ይሸታል። እትዬ የሺ ልጇን አዝላታለች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ የሺ!» አሉ ኦቦ ቶለሳ። «በጾም ደንበኛ አንቺ ብቻ ቀረሽኝ። ቄሱ እንዳይሰሙብሽ!»

«ዛሬ በጣሳ አይደለም ኦቦ። ልጅቷ እያየች በዚህ ብርጭቆ ይለቡልኝ።»

«በብርጭቆ? ላሟ ትስቅብኛለች!» አሉና የልጅቷን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። «ኮቱ ልጄ፣ ነይ» ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

ትርሲት ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ከላሟ ጡት ወደ ብርጭቆው፣ ከብርጭቆው ወደ ጡቱ ይመላለሳል። ብርጭቆው አረፋ አቁሮ ሞላ። እትዬ የሺ ተቀብላ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ኋላ ራቀች። «ጠጪ» አላለቻትም። ትርሲት ጣቷን አረፋው ውስጥ ነከረች፤ ጣቷን አሸተተችው፤ ከዚያ ላሰችው። ብርጭቆውን ያነሣችው ብዙ ቆይታ ነው። ግማሹን ጠጣች። እትዬ የሺ ፊቷን አዙራ ላሟን ተደግፋ ቆመች።

ከዚያ ወዲያ ሲታለብ ያላየችውን ወተት አልጠጣችም። እናትየው ከፋሲካም በኋላ በየጠዋቱ ይዛት ትሄድ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ እዚያ ቤት መምጣት አቆመች። ክረምት ሲገባ መሥሪያ ቤቴ ወደ ክፍለ ሀገር አዛወረኝ፤ ስሰናበት ትርሲት ቀና አላለችም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ሱሉልታ ሄድኩ። ግቢው የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። እትዬ የሺ ማረፏን፣ ትርሲትም ሰበታ አክስቷ ጋ መሆኗን የነገረኝ የኦቦ ቶለሳ ልጅ ነው። የቡራዩ መዋያ ሞግዚት ሥራውን ያስተማሯት፣ ስትሳሳት የሚያርሟት ሰዎች አሏት። እትዬ የሺ ምን እንደሚሻል የሚነግራት አንድም ሰው አልነበራትም፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ከማየት በቀር የጨመርኩላት የለም።

እሑድ ብርቱካን ገዝቼ ሰበታ ሄድኩ። ትርሲት ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። አላወቀችኝም።

«አሁን ድንችም ሙዝም ትበላለች» አለች አክስቷ። «ራሷ ካልላጠችው ግን አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብታ ነው የምትበላው። በብርቱካን እንኳ አትልፋ፣ ቀምሳው አታውቅም።»

አንዱን ብርቱካን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ከአክስቷ ጋር ስለ እትዬ የሺ ብዙ አወራን። ትርሲት መጥታ ብርቱካኑን አነሣች፣ አሸተተችው፣ ጓዳ ይዛው ገባች። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ተሰናብቼ ተነሣሁ። በጓዳው በር በኩል ሳልፍ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብርቱካኑ እጇ ላይ ነው፣ ገና አልተላጠም።