ሁለቱም ሰዓት ልክ ነበር

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ወገቤ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያልገባኝን መጠየቅ ስለማፍር፣ የተጻፈውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ መገልበጥ ለመድኩ። ያ ልማድ ቆይቶ መተዳደሪያዬ ሆነ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ሰርቨር ሲዛወር የማረጋገጫ ቅጹን ይዤ የምቆመው፣ ሁሉም ጨርሶ ኮቱን ሲያነሳ «ቆዩ፣ አንዴ ልየው» የምለው እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ እመት ቅጽ ይሉኛል። አልከፋም።

ሥራችን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ድሮ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ሰርቨር ነበረው፤ አንድ የብረት ሣጥን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍ። አሁን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይገለበጥና እኛ ጋ ወዳለው ትልቅ ማሽን ይገባል። ትልቁ ማሽን ሆዱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቦታ ይሰጠዋል። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይህንን ነው፤ የራሱ ብረት የሌለው ሰርቨር። ለሰው ሳስረዳ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የተከራየሁበትን ግቢ እጠቅሳለሁ፤ ስድስት ተከራይ፣ ስድስት በር፣ አንድ ቆጣሪ። ሁላችንም የየራሳችን ቤት አለን፤ መብራቱ ግን የሚመጣልን ከአከራይዋ ነው።

የዚያ ቅዳሜ ተዛዋሪ ደሴ ያለ የአንድ ሆስፒታል ሰርቨር ነበር። ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች የመድኃኒት መዝገብ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ለማን፣ ምን፣ በየስንት ሰዓቱ፣ መጨረሻ የተሰጠው መቼ። የመድኃኒቱ ሰዓት ሲያልፍ የበሽተኛው መስመር ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል። ነርሶቹ ቀዩን አይተው ነው የሚሄዱት። እስከዚያ ቀን ያዛወርኳቸው የደብዳቤና የዕቃ ዝርዝር ነበሩ፤ ቢሳሳቱ ሰው ይቆጣል፣ ይታረማል። የዚህኛው ስህተት ግን ሰው ገላ ውስጥ ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ ቅጹን በየማታው እያነበብኩ ከረምኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ደረስኩ። የሰርቨሩ ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው ሰውዬ ናቸው፤ ክፍሉን ከፍተው ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ጠበቁኝ።

«ነይ እስቲ፣ ሽማግሌውን ተሰናበችው።»

«ጋሼ፣ አይምቱት በሞቴ፤ የዛሬውን ገና አልገለበጥኩም።»

«ሳይመታ መች ይሠራና! ወላሂ እኔና እሱ ተግባብተን ነው የኖርነው። አንች ደግሞ ፊትሽ ምነው? አብሽሪ፣ አትጨነቂ።»

ትልቁ መዝገብ በሳምንቱ ውስጥ አስቀድሞ ተገልብጧል፤ የቀረው የመጨረሻው ቀን ብቻ ነበር። እሱን ወደ አንዲት ትንሽ ዲስክ እየገለበጥኩ ቅጹን በየመስመሩ ወረድኩት። አሥራ አራተኛው መስመር «የማሽኑ ሰዓት ትክክል ነው?» ይላል። ስክሪኑን አየሁ፤ 02:25። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። አንድ ደቂቃ እንኳ ልዩነት የለም። ምልክት አደረግሁ።

«ሰዓቱ ልክ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ጠረጠርሽ? እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ሁለት ተኩል ላይ ሰርቨሩን አጠፋሁት። የሁልጊዜ ጉሩምሩምታው ሲቆም ክፍሉ ሰው የሞተበት መሰለኝ። የነርሶቹ ኃላፊ፣ ቆፍጠን ያለች ሴት፣ በር ላይ ቆማ ፈረመችልኝ።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው በወረቀት የምንሠራው?»

«እስከ አምስት።»

«አምስት ካለፈ እኔው ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ አንጠለጥልሻለሁ።»

ዲስኳን በሹራቤ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ቁልቁለቱን ስንጀምር በየመታጠፊያው በሁለት እጄ አቅፋታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትንሽ ካዩኝ በኋላ አላስቻላቸውም።

«እንቁላል ነው፣ ልጄ?»

«አይደለም እማማ፤ የሆስፒታል መዝገብ ነው። የበሽተኞቹ ሁሉ።»

«እዚች ውስጥ? ሁሉም?» ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህቴም እዚያ ተኝታ ነበር። ቀስ አርጊያት።»

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ወደ መስኮት እንኳ አላየሁም።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ደሴ ላይ የለበስኩትን ሹራብ ለዲስኳ ስለሰጠሁት አልተቸገርኩም። ዲስኳን ሰካሁ፣ የመጨረሻውን ቀን ከሳምንቱ ጋር አገናኘሁ፣ የበሽተኞቹን ብዛት ከዚያኛው ጋር አመሳከርኩ። ገጠመ። እንደገና አመሳከርኩ። ገጠመ። ልክ አምስት ሰዓት ላይ አዲሱን ማሽን አስነሳሁት። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ስክሪኑ 11:00 ይላል። መረጃ ማዕከሉ ውስጥ የምንሠራው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ስልኬን አየሁ፤ 11:00። ልክ ነው። ምልክት አደረግሁ።

ወዲያው ከደሴ ተደወለ። የነርሶቹ ኃላፊ ናት።

«ገባልን! ፍጥነቱ ማሻ አላህ ነው። ግን ምነው ቀይ በዛ? ግማሹ ክፍል ቀይ ነው። ዛሬ ሰንፈናል ልበል?»

«በወረቀት ስትሠሩ የቆያችሁት ስላልገባ ነው፤ ስታስገቡት ይጠፋል። አብሽሪ» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኳት። ማንም አላስገደደኝም።

«እንግዲያው ልጆቹ ቀዩን ያዳርሱ» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ነገሩን ደግሜ ያሰብኩት። በወረቀት የተሠራው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ግማሽ ክፍል አያቀላም። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከላይ ያለው መስመር ትናንት ሆዳቸውን የተቀደዱ አንድ አዛውንት ናቸው። ሞርፊን፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌ፣ በየስድስት ሰዓቱ። መጨረሻ የተሰጠው 02:10። አሁን 11:12። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ቀይ።

02:10 ማለት በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው ብዬ አሰላሁ። ታዲያ እስከ አሁን ሳይወጉ እንዴት ቆዩ? መዝገቡ ውስጥ የመጨረሻ የተጻፈውን ፈለግሁ። 02:29 ይላል።

ሰርቨሩን በእጄ ያጠፋሁት እኮ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ነው።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ስክሪኑን አየሁ፤ 11:12። ያኛው ሰርቨር በእኛ ሰዓት ነበር የሚኖረው። ይኼኛው ደግሞ፣ ተከራይ አይደል፣ ሲነሳ ሰዓቱን ከትልቁ ማሽን ወሰደ። እኔ አንዱን በእጅ ሰዓቴ፣ ሌላውን በስልኬ ለክቼ ለሁለቱም ልክ ነህ ብያለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት ጠፋ። አዛውንቱ መርፌውን የወሰዱት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ገና ሦስት ሰዓታቸው ነው። በላዩ ሌላ ከተጨመረ ያ መድኃኒት ትንፋሽ ይይዛል።

ለኃላፊዋ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። ወደ ሰርቨሩ ኃላፊ ሰውዬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሩጡ። ቀዶ ጥገና ክፍል። መርፌውን ያቁሙት። ሰዓቱ ተሳስቷል፤ ማንም ምንም እንዳይሰጥ።»

«የቱ ሰዓት? እኔ የሞላሁት?»

«እሱ። በኛ ሰዓት ነበር እንዴ?»

«ኧረ በአላህ!» ከዚያ የሰማሁት የጫማቸውን ድምፅ ነው። ስልኩን አልዘጉትም። እየሮጡ፣ እያለከለኩ ያወራሉ። «ነርሶቹ እኮ… ጠዋት ሦስት ሰዓት የሰጠነውን ዘጠኝ ይላል፣ ይኼ ማሽን ውሸታም ነው ሲሉ… ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተትኩት። ቀኑም እንደኛው ጎህ ሲቀድ መለወጥ ጀመረ… ሁሉም ደስ አለው… ወይኔ!»

በር ተከፈተ። በሰውዬው ስልክ ውስጥ የአንዲት ወጣት ነርስና የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል።

«አባባ፣ ክንድዎን ያምጡ።»

«ቅድም ወጋሽኝ እኮ!»

«እኔ አሁን ነው የገባሁት፣ አባባ።»

«እንዳንች ነጭ የለበሰች ናት። ሻዩ ሳይመጣ።»

«ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት አልፏቸዋል ነው የሚለው።»

«የተወጋው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እኔ?»

«ሲስተር! አቁሚ! አቁሚው አልኩሽ!» ይህ የሰውዬው ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ብረት ላይ ወደቀ። ወንበሬን ትቼ ቆሜአለሁ፤ መቼ እንደቆምኩ አላውቅም።

«ጋሼ? ገብቷል?»

የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነው።

«ጋሼ!»

«ትሪው ላይ ነው ያለው። አልገባም። አልሐምዱሊላህ፣ አልገባም።»

ተቀመጥኩ። ቆየት ብሎ ኃላፊዋ ራሷ ደወለች፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ስታዳርስ ነበር። ሁለት ሰዎች የቁስል መድኃኒታቸውን ከሰዓቱ ቀድመው ውጠዋል፤ ሐኪሙ አይቷቸው አይጎዳቸውም ብሏል። «አብሽሪ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ እያየ፣ አዲሱን ማሽን ከትልቁ ማሽን ሰዓት ነጥዬ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት።

«ልኩን ሰዓት ነው የምታጠፊው?»

«መዝገቡን አንድ በአንድ እስክናቃና ነው። እስከዚያ ልኩ ይኼ ነው።»

ቀዩ አንድ በአንድ ጠፋ። መጥፋቱን በስልክ እያስነበብኩ ከደሴዎቹ ጋር በሽተኛ በበሽተኛ አረጋገጥን። ያም ሆኖ አላመንኩም። ስክሪን ነግሮኝ ያመንኩት ነገር ነው እኮ ለዚህ ያበቃኝ። ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ክፍሉ የደረስኩት ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ሽማግሌው በጎናቸው ተኝተው ብርድ ልብሱን በጥርሳቸው ይዘዋል። የጠዋቱ መድኃኒት ለቋቸዋል። ወጣቷ ነርስ ግርጌያቸው ቆማ እጆቿን አጣምራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ስጭኝ እንግዲህ፣ ልጄ» ይላሉ።

«ገና ነው አባባ። የሚሰጥዎ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ይቀርዎታል።»

«ቅድም አልፈልግም ስል በግድ ልትወጊኝ ነበር፤ አሁን ስለምንሽ ገና ትይኛለሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ማሽኑ ምን ይላል? አንች ታውቂ የለ?»

ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይቀራል ነው የሚለው። በሕይወቴ አንድ ደቂቃ ለማንም የለቀቅኩ ሰው አይደለሁም፤ ፈርታ ደቂቃ የምትቆጥረውም በእኔ ጥፋት ነው። የሽማግሌው ግንባር በላብ ተነክሯል።

«ማሽኑን ተይው። ሐኪሙን ጥሪው» አልኳት።

ሐኪሙ መጣ፤ አያቸው፣ ደረታቸውን አዳመጠ። «ግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም፤ ስጭያቸው። ግን አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ትንፋሻቸውን ይከታተል» ብሎ ወጣ። ልጅቷ ሰጠቻቸውና በእጇ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ብላ ጻፈች። ሌሎች በሽተኞች ነበሩባት። እኔ እቀመጣለሁ አልኳት፤ የከበደኝ ነገር ካለ እጠራሻለሁ።

ሽማግሌው ጥርሳቸው ከብርድ ልብሱ ሲላቀቅ አዩኝ።

«አንች ደግሞ የማን ነሽ?»

«ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁ፣ አባባ። ልጠይቅዎት።»

እጄን አዩ፤ አጠገቤን አዩ፤ ብርቱካን የለ፣ ዳቦ የለ።

«ባዶ እጅሽን?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወንበሩን ወደ ራስጌያቸው አስጠጋሁ። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ደረታቸው ላይ ከፍ ሲል አንድ አልኩ። ዝቅ አለ። ከፍ ሲል ሁለት። አንዳንዱ ትንፋሽ ይዘገያል፤ ሲዘገይ የእኔም አብሮ ይቆማል። ሦስት። አራት። ከዘጠና በኋላ ተምታታብኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።