የሐጂ ከድር ሙክት

በጃንሆይ ዘመን፣ እዚህ ቀራንዮ፣ ችግኝ የምትተክል አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበረችን። ሰብሳቢያችን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር ነበሩ። ችግኞቹን እንደ ልጆቿ የምትንከባከበው ደግሞ ጎረቤቴ አበበች ነበረች። ፍየል እንዳይበላብን ቅጠሉን ሁሉ እበት እንቀባው ነበር፤ ሽታውን ስለሚጠላ አይጠጋም።

አንድ ቀን፣ ኮረብታውን እንድንተክልበት ይፈቅዱልናል ብለን ተስፋ የጣልንባቸው ባለሥልጣን ሊጎበኙን ሆነ። አበበች "እበት ተለቅልቆማ ትልቅ ሰው ፊት አይቀርብም!" ብላ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በሳሙና ስታጥብ አረፈደች። ሐጂም በባዶ እጅ አንቀበላቸውም ብለው፣ ለእጅ መንሻ የሚሆን ሙክት ፍየል ገዝተው አጥሩ ላይ አሰሩ።

እንግዳው ጀርባቸውን ለችግኙ ሰጥተው ንግግር ጀመሩ። ስለ ደን ጥቅም ገና አፋቸውን ከመክፈታቸው፣ ሙክቱ ገመዱን በጠሰና ከኋላቸው ግጦሹን ተያያዘው። በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ሲናገር ማን ደፍሮ ያቋርጣል? አበበች ነጠላዋን ነክሳ እንባዋ ይወርዳል። እሳቸው ደግሞ ንግግራቸው ልቧን የነካው መስሏቸው ጭራሽ አስረዘሙት።

ጨርሰው ዞር ሲሉ፣ ፍየሉ የመጨረሻዋን ቅጠል ያመነዥካል።

"ችግኙስ የታል?" አሉ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ግን ረጋ ብለው በፍየሉ አንገት ላይ የቀረውን የተበጠሰ ገመድ አነሱና በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

"ክቡርነትዎ፣ ችግኙም እጅ መንሻውም ይኸውልዎ። አንድ ላይ ጠቅልለንልዎታል።"