የአርባው ዳቦ

የያዙኝ ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ነው። «ሕዝብ በማነሳሳት» አሉኝ። ያነሳሳሁት ሕዝብ አንዲት የሽሮ ሜዳ ሸማ ሻጭ ነበረች። ልጇ አዲሱ ገበያ አንድ መጋዘን በር ላይ በጥበቃ ጥይት ሞቶባት፣ ጠመንጃውን ያስታጠቀው ድርጅትም ይጠየቅ ብዬ ጠበቃዋ ሆኜ ክስ አቀረብኩላት። የድርጅቱ ባለቤት እጀ ረጅም ሰው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰርኩ።

ክፍሏ ላብና በረኪና ትሸታለች። አንድ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው የፍራሻቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጥበቃው እኔ ነኝ» አሉ።

አንድ ላይ ያጎሩን አውቀው ይሁን በዝርክርክነት ዛሬም አላውቅም። ጠላኋቸው፤ ፍራሹን ግን አልመለስኩላቸውም።

መርማሪው «መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ብለው ከፈረሙ ቅጣታቸው እንደሚቀልል ነግሯቸዋል። ከፈረሙ የእናትየው ክስ አበቃለት። ልለምናቸው አፌ አልታዘዘኝም።

በልጁ አርባ እናቱ ለእኔና ለክፍሉ እስረኞች ዳቦ ላከች፤ ኮባው ገና ትኩስ ነበር። በክፍላችን ልማድ ባርኮ የሚቆርሰው በዕድሜ ትልቁ ነው። ትልቁ እሳቸው ነበሩ።

«የማን ነው?» አሉኝ።

ልዋሻቸው እችል ነበር። «የልጁ አርባ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። «በዚህ እጅ ልቁረስ? በዚህ አፍ ነፍስ ይማር ልበል?»

ወደ እኔ ዞሩ። «የክርስትና ስሙን ታውቀዋለህ፣ ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው። ተነስተው ቆሙና በዚያ ስም አቡነ ዘበሰማያት ደገሙለት። ዳቦውን ወደ እኔ ገፉት። እኔ ቆረስኩ፤ እሳቸው አልቀመሱም።

በማግስቱ ተጠርተው ሄዱ። ሲመለሱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሳይነኩት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው፣ ለባለቤቱ ነግሬው ‹ዝም ብለህ ይዘህ ቁም› አለኝ ብዬ አስጻፍኩ» አሉ። «እያወቅሁ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። እሱንም ጻፍ አልኩት።»

በቃላቸው ድርጅቱ ተፈረደበት። እኔ ተፈታሁ። የእሳቸው ቅጣት አልቀለለም።

እናትየው ጥለት እያጠፈች «ዳቦውን ማን ባረከው?» አለችኝ። ጥበቃው እንደሆኑ፣ በልጇ ስም እንደደገሙለት ነገርኳት። ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«በላ?»

«አልቀመሱም።»

ጨርቁን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች። ዛሬ የልጇ ሙት ዓመት ነው። ጠዋት በኮባ የተጋገረ ዳቦ አስታቀፈችኝ። «እኔ ነኝ የላክሁለት በለው። ባርኮ ይቁረሰው» አለች፤ አላየችኝም።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ፈታሹ እንደ ደንቡ ሊሰነጥቀው ቢላውን አነሳ። እጁን ያዝኩት።

«አደራህን፣ ወንድሜ» አልኩት። «የሚቆርሰው ሰው ውስጥ አለ።»